ለሲስተር የተሰፋ ጓንት

ልጅ ሆኜ ቤታችን ትመጣ የነበረችው ነርስ ሁለት ነገር ይጎድላት ነበር፤ ሙቀትና ደህና ልብስ። እጇን ስለሚበርዳት ወንበር ላይ በተቀመጠች ቁጥር ሁለቱንም መዳፎቿን ከጭኖቿ ሥር ትሸጉጣቸዋለች። ነጭ ጋዋኗ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ተፈትቶ ይገኛል፤ አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ቁልፉ፣ አንዴ የእጅጌው ጫፍ። አንጀቴን ትበላው ነበር። ማን ለማን ማዘን እንደነበረበት ያኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ ቢነግሩኝም የምሰማ ልጅ አልነበርኩም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ወጥቶ የሚቀበለኝ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። መቀስ ሲይዝ ለማየት አላፊ አግዳሚው ይቆም ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ እኔ ግን እቆም ነበር። ጠመኔውን ከጆሮው ላይ ያነሳል፣ አንድ መስመር ይስባል፣ መቀሱ መስመሩን ይዞ ይሄዳል፣ ጠፍጣፋው ጨርቅ ትከሻና እጅጌ አውጥቶ ይነሳል። ሲሠራ አይናገርም፤ ከንፈሩ መሐል መርፌ አይጠፋምና። እናቴ “አባትሽን ማናገር የፈለገ መጀመሪያ መርፌውን ይቀበለው” ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መቀሱ ወደቀ። በእኛ ቤት መቀስ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጫፉ ይታጠፋል፣ አባቴም ቤቱን በቁጣ ያናውጠዋል። ቁጣውን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቁጣው ሲዘገይብኝ ሄጄ ባይ፣ እሱም ከመቀሱ አጠገብ ወድቋል።

ደም ግፊት ነው የጣለው አሉ። ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ፣ ቃሉም ከጉሮሮው አልወጣ እያለው ነበር። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅም እግርም ሆነችው። በማንኪያ ታበላዋለች፣ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፤ ውሃ ጠምቶት ዓይኑ ወደ ጆጉ ከመዞሩ በፊት ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሚስት ማለት እሷ ናት ይል ነበር። ዛሬም እኔ እንደዚያው እላለሁ።

አባቴ ግን እየባሰበት ሄደ። መብላቱን ይበላል፣ መተኛቱን ይተኛል፤ ብቻ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሰው ረስቶት እንደሄደ ዕቃ ያየዋል። ወደ ፊት ክፍሉ መሄድ አይፈልግም። መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ቆሟል። እኔ ሌላው ሁሉ አልገባኝም፤ የገባኝ አንድ ነገር፣ አባቴ ተመልሶ ካልሰፋ አባቴ ተመልሶ እንደማይመጣ ነው። ልጅ ብሆንም እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም።

ሲስተር የመጣችው ያኔ ነው። ጤና ጣቢያው ቤት ለቤት በሽተኛ እንድታይ ያሰማራት፣ አጠር ደልደል ያለች፣ በዕድሜ እናቴን የምትበልጥ ሴት ነበረች። ገና እንደመጣች ደጅ ካለው ቧንቧ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች። እኔ በሩን ይዤ ስመለከታት አገጬን ያዝ አድርጋ፣ የቤቱ አዛዥ አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። እጇ በረዶ ነበር። ማስረጃዬ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ያደረገችውን ሁሉ ወድጄላት ነበር። አባቴን ከመንካቷ በፊት ትነግረዋለች፤ “ጋሼ፣ አሁን ክንድዎን ላነሳው ነው” ትላለች። እኛ ክንዱን እንደ ትራስ ነበር የምናነሳው። ተረከዙን፣ ወገቡን፣ ጀርባውን ቆዳው ቀልቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ታያለች። እናቴን ወገቧን ሳትጎዳ እንዴት እንደምታገላብጠው አሳየቻት፤ እናቴ ስትሞክረው አባቴ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀስ ብሎ ዞረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መልስ ትጠብቃለች። እኛ አንድ ቃል ሲያምጥ ዝም ብለን ማየት ስለማንችል ቃሉን ከአፉ ነጥቀን እንጨርስለታለን። እሷ ግን ሌላ በሽተኛ በምድር ላይ የሌለባት ይመስል ዓይን ዓይኑን እያየች ትቆያለች። ለኮት የሚሻለው የትኛው ጨርቅ እንደሆነ ጠይቃው “ሱፍ” እስኪል ድረስ እኔ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ደብተሬን አስቀምጫለሁ።

ነገር የመጣው በሾርባው ነው። እናቴ ሳህኑን ይዛ ስትገባ ሲስተር ተቀብላ አባቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ የማንኪያውን እጀታ ጠቀለለችና አወፈረችው። በቀኝ እጁ ጣቶች መሐል ሻጠችው፣ ጣቶቹን በራሷ ጣቶች ዘጋቻቸው፣ ለቀቀች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠች።

ማንኪያው ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ፎጣ ይዛ ብድግ አለች።

“ተይው እህቴ፣ ገና አልጨረሱም” አለች ሲስተር፣ ሳትዞር።

ሁለተኛው ማንኪያ ጉንጩን አገኘው። ቀጣዩ አፍንጫው ሥር ደረሰና ተመለሰ። አባቴን ላብ አጠመቀው። እናቴ ፎጣውን ትጨምቃለች፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ሲስተር ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ አፉ ውስጥ ገባች። ሲስተር ተነስታ ፊቱን ራሷ ጠረገችለት፤ ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ አክብራ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ምላሷ ከወንድሟ መቀስ የሰላ ነበር። ሲስተር ገና ከበር ሳትርቅ፣ እጇን አጣጥፋ ሰው ሲሰቃይ የምታይ አስታማሚ ዛሬ አየሁ አለች። ነገም ዓይኗን በጨው ታጥባ ትመጣለች አለች። እውነትም መጣች። አክስቴ ከዚያ ወዲህ “እጅ አጣጣፊዋ” ብላ ስም አወጣችላት። እኔ ግን ሲስተር ተበደለች አልኩ። እጇን አላጣጠፈችም፤ በርዷት ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ሲበርደኝ እጄ ላይ እቀመጥ የለ?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ይዤላት ገባሁ። አባቴ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር እየታገለ ነበር። “እጅዎን ያሙቁበት” አልኳት። እኔን አየችኝ፣ አባቴን አየችው፣ እጆቿን ከሥሯ አውጥታ ብርጭቆውን በሁለቱም ያዘችው። “ተባረኪ፤ ይሄ ከወንበሩ ይሻላል” አለች። ቁልፉ ቀዳዳው አፍ ድረስ መጥቶ በተመለሰ ቁጥር ብርጭቆውን አጥብቃ ትጨብጠዋለች፤ የጣቶቿ ጫፎች ነጡ። ብርዱ እንዴት ጠንቶባታል አልኩ በሆዴ። ሻዩን አልቀመሰችውም። ቁልፉ ሲገባ ብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ የቀዘቀዘውን ጨለጠችው።

የጋዋኗ ነገር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ኪሷ ተንጠልጥሎ መጣች። “ጋሼ፣ ይቺን ማን ይሰፋልኛል? እኔ እንደሆንኩ መርፌ የምይዘው ሰው ለመውጋት ብቻ ነው” አለች። አባቴ በደህና እጁ የኪሱን ጠርዝ ዳበሰ፤ ክሩ የለቀቀበትን ቦታ ዳር እስከ ዳር በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ቀና ብሎ ሲስተርን አያት። እሷም ከቦርሳዋ ጆንያ የሚሰፋበት ዓይነት፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ትልቅ መርፌ አውጥታ ሰጠችው።

ያን ዕለት ኪሱ ተሰፋ ማለት ይከብዳል፤ ታሰረ ቢባል ይሻላል። ሲስተር ግን ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ በሰፈሩ መሐል ሄደችበት። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ወለቀባት፤ ከዚያ የእጅጌዋ ዘምዘማት ተፈታ፤ ከዚያ ኮሌታዋ። አባቴ ሲስተር የምትመጣበት ቀን ሲሆን ጠዋት በራሱ ጊዜ ጢሙን ላጩኝ ማለት ጀመረ።

እኔም አንድ ቀን ጠጋ ብዬ በጆሮው ምስጢሬን ነገርኩት፤ “አባባ፣ ሲስተር ምንም የላትም መሰለኝ። ልብሷ አልቋል፣ እጇንም ይበርዳታል።” አባቴ ሳቀ። ከታመመ በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ ወደ አንድ ጎን የሄደ፣ ግን የራሱ ሳቅ። ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም፤ እንዲያውም በድሃ መሳቁ ትንሽ አስከፋኝ።

እውነት ለመናገር ሁሉም ቀን እንደዚህ አልነበረም። አንድ ቀን ቁልፉ አልገባ አለ፤ መርፌው ከእጁ ወደቀ፤ አባቴ ሸሚዙን ከላዩ ጎትቶ ወረወረው። ከዚያ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ሲስተርን ክንዷን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደቻት፤ እኔም መጋረጃው ሥር ተለጠፍኩ።

“ልብ የለሽም አንቺ?” አለች እናቴ። “ሰው በገዛ ሸሚዙ ተሸንፎ ሲያለቅስ እጅሽን አጣጥፈሽ ታዪዋለሽ?”

“አላጣጠፍኩትም” አለች ሲስተር። “ተቀምጬበት ነው። ካልተቀመጥኩበት ያመልጠኛል።”

እናቴ ክንዷን ለቀቀቻት።

“ያቺ ቁልፍ ለእኔ የትንፋሽ ሥራ ናት። ቆልፌላቸው ብሄድ አንቺ ትመርቂኛለሽ፣ እኔም ቶሎ ቤቴ እገባለሁ። እጃቸውን ግን ይዤባቸው ሄድኩ ማለት ነው። አልሞተም እኮ እጃቸው። ሥራ ፈቶ ነው። ሥራውን ሁሉ እኛ ከጨረስንለት ምን ሊያደርግ ይመለሳል?”

“እና ማስታመሜ ነው የጎዳው?” አለች እናቴ።

“አንቺማ ስለምትወጂያቸው ነው የሚከብድሽ። እኔ የሌላ ሰው ሆኜ እንኳ ወንበር ያስፈልገኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ መኪናውን አትስጪ።”

ይሄኛውን በደንብ ሰማሁት። የአባቴ የቀድሞ ሠራተኛ፣ ጢሙን ከልብሱ በላይ ስለሚንከባከብ “ጢሞ” የምንለው፣ መኪናው ቆሞ ከሚዝግ እኔ ልውሰደው ብሎ እናቴን ጠይቋት፣ እሷም እሺ ብላው ኖሯል። በሳምንቱ መጨረሻ መጥቶ ሊጭነው ነው። “ያመልጠኛል” የሚለውን ደግሞ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት፤ ብርድ ሲበዛ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ያመልጣል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። እናቴ ከሲስተር አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባቴ ማንኪያውን ሲያነሳ እናቴ ፎጣውን መሬት ጣለች፣ ሁለት እጆቿንም ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን፣ ትከሻቸውን ሰብቀው፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። እኔ ደነገጥኩ። ብርዱ ይጋባል ማለት ነው።

ያኔ ነው አባቴን የለመንኩት። ከመታመሙ በፊት የቆረጠው ግራጫ የሱፍ ኮት ትራፊ እንደነበረ አውቃለሁ። ለሲስተር ጓንት ስፋላት አልኩት፤ ብርዱ እናቴንም እየያዛት ነው፣ ቶሎ በል። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በጣቱ ወደ ፊት ክፍሉ አመለከተ።

ጢሞ የመጣ ዕለት አባቴ መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መስፋት አልጀመረም፤ ጨርቁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጠመኔውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የአውራ ጣት መስመር ለመሳብ ይታገላል። መስመሩ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጢሞ ገመድና ሁለት ተሸካሚ ይዞ በር ላይ ቆመ። አባቴን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እናቴን አየ።

“ባለቤቱ እየሠራበት ነው” አለች እናቴ።

ጢሞ ጢሙን ዳበሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአባቴ እግር ሥር የወደቀውን መርፌ አነሳ፣ ክር አስገብቶ የጨርቁ ጠርዝ ላይ ሰካለትና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን አክብሬለታለሁ።

ጓንቱ ብዙ ቆየ። የተሰፋው ይተረተራል፣ የተተረተረው ይሰፋል። ልኩን አልወሰደም፤ ብርጭቆ ጨብጦ ፊት ለፊቱ ሲጠብቀው የከረመ እጅ ነው፣ በዓይኑ ያውቀዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስለው፣ “ይ-ሄ እንቁላል... ያነክሳል” አለኝ። አንድ ቀን እናቴና እኔ ኩሽና ሆነን ሳህን ስናጥብ ከፊት ክፍሉ ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ሄዶ የሚቆም፣ ደግሞ የሚነሳ የመኪና ድምፅ። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። መጋረጃው ድረስ ሄደች፣ ግን አልገለጠችውም። አረፋው ከክርኗ ላይ መሬት እየተንጠባጠበ፣ እዚያው ቆማ ሰማች።

ጓንቱ ሲያልቅ ብርዱ አልፎ፣ ጥላ የሚያስፈልግ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ሲስተር ስትመጣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። “ለብርዱ ነው” አልኳት። አንዱ አውራ ጣት ከሌላው ይረዝማል፤ ስፌቱም ቀጥ ያለ አልነበረም። ሲስተር ጓንቱን ተቀብላ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ያኔ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ቃል አልነጠቀውም፤ ጠበቅነው።

“ሲስተር... ጋዋንሽን... መተርተር ተይ” አለ። “የተቀደደና... የተተረተረ... አይምታታብኝም።”

ሲስተር ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እኔ ብቻ አባቴ ደሃዋን ሴት ለምን እንደሚቆጣት ሳይገባኝ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ስፌት ሲያስተምረኝ ነው የነገረኝ። የተቀደደ ልብስ ክሩ ተጎትቶ፣ ጨርቁ ተንጨፍርሮ ይገኛል። የሲስተር ኪስ ግን ስፌት በስፌት፣ በጥንቃቄ፣ በትንሽ መቀስ የተፈታ ነበር። በሽተኛ አይታ ስትጨርስ ቤቷ ቁጭ ብላ የራሷን ልብስ ትፈታ ነበር ማለት ነው። አባቴ ከመጀመሪያው ኪስ ጀምሮ አውቋል። “ያን ያህል ደክማ ልብሷን ከፈታችልኝ፣ እኔ አልሰፋም ብል ምን ዓይነት ሰው ነኝ?” አለኝ።

ያን ቀን ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሲስተር ጓንቱን ሁለቱንም አጠለቀች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ያ ሁሉ ፀሐይ አናት እየበሳ በመንገዱ መሐል ሄደች። ሰው እየዞረ ያያታል። ጥጉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ በጓንቷ አውለበለበችልኝ፤ ረጅሙ አውራ ጣት ከሩቅ ይታይ ነበር። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ገብታ ሻይ አፈላች። እጅ አጣጣፊዋ የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ ከአፏ አልወጣም።

አባቴ እንደ ድሮው አልሆነም። ኮት ዳግመኛ አልሰፋም፤ እግሩንም እስከ መጨረሻው እየጎተተ ነው የሄደው። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የተማሪ ቦርሳ ግን ሰፍቶ ኖሯል፤ እጅ የሚባለውን ነገር ለእኔ አስተምሮ ነው ያለፈው። መኪናው ዛሬ የእኔ ነው። ከሲስተር በኋላ ብዙ ነርሶች አይቻለሁ፤ ፈጣኖች፣ ትሁቶች፣ ጎበዞች። ሰውን ላለመርዳት ያን ያህል የደከመች ግን አላየሁም።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ጀሶው ወጥቶላት፣ ወደ ቤት ልትወጣ ስትል የክፍሉ ነርስ፣ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ ሹራቧን እሷው ትልበስ ብሎኝ ሌላ አልጋ ጋ ሄደ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፉን ያዘች። ጣቶቿ አበጥ ብለዋል። ቁልፉ ቀዳዳው አፍ ላይ ደረሰ፣ አመለጣት። እንደገና ደረሰ፣ አመለጣት። ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስቆልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ እኔን ሳያማክር ተነስቶ መንገድ ጀምሮ ነበር። በግድ መለስኩትና ወንበሩ ላይ፣ ከጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። ሌላኛውንም። ይህን ያህል ከባድ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። መላ ሰውነቴ ወደ ቁልፏ ያዘነብላል፤ ዓይኔ አቀረረ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ትከሻዬን አየች፣ ክንዶቼን ወደታች ተከትላ እጄ የገባበትን አየች።

“ሚጡ” አለችኝ፤ “እጅሽን በረደሽ እንዴ?”

“አዎ እማዬ” አልኳት። “በጣም።”

ፈገግ አለችና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።